ወንበር ይዛችሁ ኑ

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጆሃንስበርግ ያለን የእድራችን አባላት ሁሉ ስልክ ላይ አንድ አጭር መልእክት ገባ። «ጋሽ አስናቀ አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ ጠዋት ነው። ለቅሶው ሜይፌር፣ ሱቃቸው ጓሮ። ወንበር ይዛችሁ ኑ።»

መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የላከው የእድራችን ዳኛ ታደለ። ከዚያ በኋላ ስልኬ እስኪመሽ አላረፈም። አንዱ «አበበች፣ የእድሩ ወንበር ተሰረቀ እንዴ?» ይለኛል። ሌላው «ለጋሽ አስናቀ ድንኳን እንኳን ጠፋ?» ብሎ ይቆጣኛል። አንዷ ደግሞ ገና ስታለቅስ ቆይታ፣ «ፕላስቲክ ይሆናል ወይስ የእንጨት?» አለችኝ። ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ። ወንበሩ አልተሰረቀም፣ መጋዘን ውስጥ ተደራርቦ አለ፣ እናንተ ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለማስረዳት ስለ ሰውየው ማውራት አለብኝ። ስለ እሳቸው ማውራት ደግሞ ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ማውራት ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሶዌቶ፣ ስፓዛ በምንላት የሰፈር ሱቅ ውስጥ ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ሂሳብ፣ የምሸጥ ሴት ነኝ። ጋሽ አስናቀን እስካውቅ ድረስ የማውቀው ንጉሥ ዳዊትንና ሰሎሞንን ነበር።

ያወቅኋቸው በፔፐር ምክንያት ነው። ፔፐር የምንለው ስደተኛ ሁሉ በየጊዜው የሚያሳድሳትን የመኖሪያ ወረቀት ነው። ባለቤቴ ማርቆስ ቀድሞኝ መጥቶ ስለነበር ሱቁ ውስጥ ተቀበለኝና በሳምንቱ፣ «ማመልከቻሽን ጋሽ አስናቀ ይጻፉልሽ፣ እሳቸው የጻፉት አይመለስም» ብሎ ወደ ሜይፌር ላከኝ። ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ስገባ ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ቤት ውስጥ የነበረችውን አንዲት ወንበር በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉና ለእኔ ሳቡልኝ። ራሳቸው አጭር የእንጨት በርጩማ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ ወንበሩ ላይ ይሁኑ፣ እኔ በርጩማው ይበቃኛል።»

«እዚህ ቤት ወንበር ለመጣ ሰው ነው» አሉኝ። «ተቀመጪ።»

ስሜን፣ አገሬን፣ የመጣሁበትን ምክንያት ጠየቁኝ። እየመለስኩ ሳለ ድንገት እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እንግሊዞችም ፔፐር ነበራቸው፣ ታውቂያለሽ?»

በልቤ፣ እኚህ ሰውዬ ጤናም የላቸው አልኩ። «የት አገር ሄደው?» አልኳቸው ለጨዋነት።

«የትም አልሄዱም። የገዛ አገራቸው ላይ። የመንግሥት ሥራ የፈለገ ሰው በንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ቆርቦ፣ መቁረቡን ቄሱ ፈርሞለት፣ ወረቀቷን ይዞ መምጣት ነበረበት። ወረቀት ከሌለው ሹመት የለም። አንዳንዱ በዓመት አንድ ቀን ሄዶ ቅዱስ ቁርባንን እንደ ሥራ ፈቃድ ይቀበልና ተመልሶ ወደ ራሱ እምነት ይገባ ነበር። የእኔ ፀጉር የሸበተው ያቺን ወረቀት ሳጠና ነው።»

ደብረ ታቦር የተወለዱ የቄስ ልጅ ነበሩ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምረዋል። እዚህ የመጡት ለዶክትሬት ነው፤ ጥናታቸው የዛሬ ሦስትና አራት መቶ ዓመት በእንግሊዝ ንጉሡና ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት እንደተያያዙ፣ ማን ማንን ያዝዝ እንደነበር ነው። ጥናቱ መሐል ላይ ቆመ። አራት ካርቶን ሙሉ ወረቀት መጋረጃ ከሚሰቀልበት መደርደሪያ ስር ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ለምን እንዳልጨረሱት ብጠይቃቸው፣ «እነሱ መቶ ዓመት ተጫርሰው ያልጨረሱትን እኔ በአራት ዓመት ልጨርሰው?» ብለው ሳቁ። ከሳቁ ኋላ ግን ካርቶኖቹን በእግራቸው ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጓቸው አየሁ።

ነጋዴነት አልፈጠረባቸውም። መጋረጃ ልትገዛ የመጣች ሴት የአንድ ንጉሥ አንገት እስኪቆረጥ ቆማ ትጠብቃለች። ደግሞ ነገሥታቱን በስማቸው አይጠሯቸውም። «ስምና ቁጥራቸው ለፈተና ነው፣ ሰው የሚታወቀው በሠራው ነው» ይላሉ። አንዱ «ሚስቱን ሊፈታ ብሎ ሮምን የፈታው» ነው። ልጁ «ሕፃኑ»፣ ከእሱ ቀጥላ የነገሠችው እህቱ «ማገዶ የጨረሰችው»፣ ምክንያቱም የአባቷንና የወንድሟን ሃይማኖት የያዙትን በእሳት አቃጥላለች። ኋላ ላይ የመጣው «ሁለት ሸሚዝ» ነው። ንጉሡን ገድሎ ያለ ዘውድ የገዛው ጄኔራል ደግሞ «ሞቶ የተሰቀለው»፤ ተቀብሮ ከቆየ በኋላ አስከሬኑን አውጥተው ሰቅለውታልና። እኔ ይህንን ስሰማ አፌን በእጄ ያዝኩ። ለሰው አስከሬን ክብር ስንል እድር የመሠረትን ሰዎች ነን።

«ጋሼ፣ የራሳችን ነገሥታት እያሉ ለምን የሰው?» ብሎ የሚሞግታቸው ብዙ ነበር። አይቆጡም። «የራሴን ቤት ሳወራ ድምፄ ይወፍርብኛል፣ የእናንተም ይወፍራል፣ ከዚያ መደማመጥ የለም። የጎረቤት ጠብ ግን በእርጋታ ይታያል» ይሉ ነበር።

«ሁለት ሸሚዝ» ያሉትን ንጉሥ አይወዱትም። ሥልጣኔ በቀጥታ ከእግዚአብሔር ነው፣ ለሰው መልስ አልሰጥም የሚል ሰው ነበር። ከሌላው ግዛቱ፣ ከስኮትላንድ ሰዎች ሳይማከር አዲስ የጸሎት መጽሐፍ አትሞ በዚህ ጸልዩ አላቸው። መጽሐፉ የመጀመሪያ ቀን ሲነበብ አንዲት የገበያ ሴት የተቀመጠችበትን በርጩማ አንስታ በአንባቢው ላይ ወረወረችበት ይባላል። «እውነት ትሁን ተረት አልተረጋገጠም» ይላሉ ሁልጊዜ፣ ሳያስተካክሉ ማለፍ አይችሉም። «ረብሻው ግን እውነት ነው። ረብሻው ጦርነት ሆነ፣ ጦርነቱ ምክር ቤት አስጠራ፣ ምክር ቤቱ ንጉሡን ከሰሰ፣ በመጨረሻም አንገቱ።» እዚህ ሲደርሱ የሸሚዛቸውን ኮሌታ በሁለት ጣታቸው ላላ ያደርጋሉ። «በሚገደልበት ጠዋት ብርድ ነበር። ከብርድ የተነሳ ብንቀጠቀጥ ፈራ ይሉኛል ብሎ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ለበሰ። ንጉሥነቱን አላከብርለትም። ያቺን ሁለተኛ ሸሚዝ ግን አከብርለታለሁ።»

እኔ ለበርጩማዋ ሴት ነበር የማደላው። ደግመው እንዲነግሩኝ ስጠይቅ፣ «አንቺ እንኳን ባትወረውሪም ታነሺው ነበር» ይሉኛል።

የእድራችን ደንብ የእሳቸው ሥራ ነው። መጀመሪያ የመሠረቱት ከአዲስ አበባና ከሰሜን የመጡ ኦርቶዶክሶች ነበሩ፤ በኋላ እኛ የደቡብ ሰዎች፣ አብዛኞቻችን ጴንጤዎች፣ በብዛት ገባን። ስብሰባ በጸሎት ይከፈታል። አባታችን ሆይን ሁላችንም አብረን እንላለን። ከዚያ እነሱ ወደ እመቤታችን ሰላምታ ሲቀጥሉ እኛ አፋችንን ዘግተን ጫማችንን እናያለን። እነሱ እኛን እያዩ ይጸልያሉ፣ እኛም እንደታየን እናውቃለን። ጋሽ አስናቀ ይህንን ሁለት ስብሰባ ታዘቡና ሦስተኛው ላይ ደንቡ ውስጥ አንድ መስመር ጨመሩ፤ አባታችን ሆይ በጋራ ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም እንደ እምነቱ በልቡ ይጸልይ ዘንድ ዝም ይባላል። ዝምታው የሚያበቃው ጸሐፊው «አሜን። ተቀመጡ» ሲል ነው። ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው።

«አየሽ ይቺን ዝምታ» አሉኝ አንድ ቀን። «ይቺን የምታህል ዝምታ አጥተው ነው እነዚያ ሰዎች መቶ ዓመት የተፋጁት።»

የዛሬ ዓመት ሐምሌ ላይ ዝምታው ተሰበረ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛ ነበር። አንድ ኦርቶዶክስ አባላችን ሞተው ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከእኛ ወገን አንድ ወጣት ወንጌላዊ ማይክ ይዞ ተነሳ። ሊያጽናና ነው ስንል ሟቹ አሁን የት እንዳሉ ይተነትን ጀመር። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘነበች ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታደለ ክፉ ሰው አይደለም። ጅምላ ነጋዴ ነው፣ ሩጫ ይወዳል፣ ነገር ሲበላሽ በአንድ ቀን ማስተካከል ይፈልጋል። በነሐሴው ጠቅላላ ስብሰባ አዲስ አንቀጽ እንደሚያቀርብ አስነገረ። ማንኛውም አባል የቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለመሆኑ ከቄሱ የተፈረመ ደብዳቤ ያመጣል፤ ያላመጣ ከመዝገብ ይሰረዛል። ቤተ ክርስቲያን ሲል የእነሱን ማለቱ ነው።

ማርቆስ ያን ጊዜ ሆስፒታል ከተኛ ሁለተኛ ወሩ ነበር። ኩላሊቶቹ ሠርተው ጨርሰዋል። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የሚለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሆሳዕና አባቱ ጎን እንዲቀበር። አስከሬን አገር ቤት የሚልክልን እድሩ ነው። ስማችን ከተሰረዘ እኔ ያንን ሰው ይዤ የት እገባለሁ?

ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ ጋሽ አስናቀ ጋ ሄድኩ። ወንበሯን ጠርገው ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ በእጅ ብልጫ ያሸንፉናል።»

«ያሸንፏችኋል» አሉ።

«እርስዎስ? እርስዎ እንኳን ደብዳቤዎን አምጥተው ውስጥ ቢቀሩልን...»

ኮሌታቸውን ላላ አደረጉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናኋትን ወረቀት፣ አሁን በስተርጅና ልሰለፍላት?» አሉና ሌላ ምንም ሳይጨምሩ፣ «ማርቆስ ምግብ ይወስዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እዚህ ነሐሴ ገና ብርድ ነው፣ ሁሉም ጃኬቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ጋሽ አስናቀ ከፊት ጠረጴዛው ላይ መዝገባቸውን ዘርግተዋል። ከነጭ ሸሚዛቸው ኮሌታ ስር ሰማያዊ ኮሌታ ብቅ ብሎ አየሁ። ሁለት ሸሚዝ ለብሰዋል።

አባታችን ሆይ ተባለ። ዝምታው ያን ቀን ረዘመ። «አሜን። ተቀመጡ።»

ታደለ አንቀጹን አነበበ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለፈ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ የከምባታ ሰው ኮፍያውን አድርጎ ለመውጣት ተነሳ።

«ጸሐፊ፣ ይመዝገብ» አለ ታደለ።

ጋሽ አስናቀ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉት። መልሰው አነበቡት። ከዚያ ቀና አሉ። «ተፈጻሚ የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዛሬ።»

«እኔ ደብዳቤ አላመጣሁም።»

ሰው ሳቀ። ታደለም ሳቀ። «እርስዎማ ጋሼ! የቄስ ልጅ ደግሞ ምን ደብዳቤ ያስፈልገዋል!»

«አንቀጹ ላይ የቄስ ልጅ የሚል የለም ታደለ። አሁን አንብቤልሃለሁ።»

መዝገቡን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሱት። ስማቸው ተራ ቁጥር አንድ ላይ ነው። ማስመሪያ አወጡ፣ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፣ አስተካክለው አስደገፉና የገዛ ስማቸውን ሰረዙት። አልቸኮሉም። ከዚያ መዝገቡን ዘግተው ሦስተኛ ረድፍ ድረስ ወደ እኔ መጡ።

«አበቡ፣ አባል ያልሆነ ሰው መዝገብ አይይዝም። የአንቺ ስም እስኪሰረዝ ድረስ አንቺ ያዢው። እ... ቀጣዩ ማን ነው?»

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። የተነሱት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፣ ያ ልጅ ባላቸውን የሰደበባቸው፤ ጥቁራቸውን አላወለቁም። «እኔም ደብዳቤ አላመጣሁም» አሉ። «ያ ባለጌ ያደረገውን አልረሳሁትም። ግን የባሌን ሬሳ ከተሸከሙት መሐል ሦስቱ የሆሳዕና ልጆች ነበሩ። ሰርዙኝ።»

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የነበሩት ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔስ ብትሉ ለማን ብዬ ነው የምፈርመው?» አሉ። «የሚያስቀድሰውን ብቻ እፈርማለሁ ካልኩ የዚህ አዳራሽ እኩሌታ ባዶ ነው የሚሆነው።»

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የፈነዳው። ታደለ ራሱ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ፣ ከዚያ ላቡን ጠረገ። እንደገና እጅ ወጣ፣ አንቀጹ ወደቀ። ወጣቱ ወንጌላዊ ተነስቶ ወይዘሮ ዘነበች እግር ላይ ወደቀ። እሳቸው «ተነስ ተነስ፣ ልብስህ ይቆሽሻል» አሉት። እኔ ግን መዝገቡን አቅፌ ስለማለቅስ ግማሹን አላየሁትም።

«በሉ ጋሼ፣ አሁን ስምዎን እንመልስ» አለ ታደለ።

«አይመለስም።»

«ምን ማለት ነው አይመለስም?»

የደንቡን ቁጥር ጠሩልን። ከመዝገብ የተሰረዘ ሰው አይመለስም፤ እንደ አዲስ አባል ይመዘገባል፤ አዲስ አባል ዓመት ሳይሞላው እድሩ አይደርስለትም። ሲያሻው እየወጣ ሲታመም የሚመለስ ሰው አስቸግሮ ስለነበር ያወጡት እሳቸው ናቸው። ታደለ በልመና ቀረበ፣ ቄሱ ለመኑ፣ እኔ ለመንኩ። «የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎው ያሻሽሉት!» አልኳቸው።

«የማላሻሽለው ለዚያ ነው» አሉኝ። «የጻፍኩትን ሕግ ለራሴ ሲሆን ካጠፍኩት፣ ንጉሥ ሆንኩ ማለት ነው።»

ማመልከቻ ሞልተው በመጨረሻው ገጽ፣ በመጨረሻው ተራ ቁጥር ተመዘገቡ። መዝገቡን መልሰው አልተቀበሉኝም። አንድ ነገር ብቻ እኔ አልወሰድኩም፤ በየስብሰባው ዝምታውን የሚያበቁት እሳቸው እንደሆኑ ቀሩ። ከኋላ ረድፍ ሆነው «አሜን። ተቀመጡ» ይላሉ፣ እኛም እንቀመጣለን።

ማርቆስ መስከረም ላይ አረፈ። እድሩ አስከሬኑን ሆሳዕና አደረሰልኝ፣ አባቱ ጎን ተኝቷል። ጋሽ አስናቀ ሦስቱንም ቀን ሶዌቶ ለቅሶው ላይ ዋሉ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ይቺ የእድር ወንበር ናት፣ እኔ ገና እንግዳ ነኝ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ለማርቆስ ብለው ቦታቸውን እንደሰጡ አንድ ቀን እንኳን ከአፋቸው አልወጣም። እኔም ለመናገር ስሞክር ስለ ነገሥታቱ ያነሱብኛል።

የሞቱት በርጩማቸው ላይ ነው። ጎረቤታቸው፣ ምንጣፍ የሚሸጠው ሶማሌ፣ ጠዋት ሰላም ሊላቸው ሲገባ ግድግዳውን ተደግፈው አገኛቸው። የአባልነት ዓመታቸው ሊሞላ ሁለት ወር ይቀረዋል። እዚሁ ቅበሩኝ ብለው ለቄሱ አስቀድመው ነግረዋል።

ታደለ በዚያው ቀን ሶዌቶ ሱቄ ድረስ መጣ። ከብረቱ ፍርግርግ ወዲያ ቆሞ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ፣ «መዝገቡን አውጪ» አለኝ።

አወጣሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ የእሳቸው ጽሕፈት፣ ስም፣ ቀን።

«ነሐሴ የሚለውን ሰኔ አድርጊው። ማን ያየናል? አበበች፣ ያንን ሰው ያለ ድንኳን ልንቀብር ነው? እኔ በዚያ አንቀጽ ምክንያት... እባክሽ።»

እስክሪብቶ አንስቻለሁ። አልዋሽም፣ ላደርገው ነበር። ለእሳቸው ብዬ መዋሸት ደስ ይለኝ ነበር፣ ጌታም ይቅር ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ያቺ ቀይ መስመር ታየችኝ። ማስመሪያውን አስደግፈው፣ ሳይቸኩሉ። ሰውየው ከሕግ በላይ አልሆንም ብለው ቁጥር አንድ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ሰርዘው፣ እኔ ከሞቱ በኋላ ላስበልጣቸው ነው?

«ታደለ፣ ጋሼን ከሞቱ በኋላ ልናነግሣቸው ነው?» አልኩት።

ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደገፈ። «እንግዲያ ድንኳን የለም። ወንበር የለም። ሰሃን የለም። ሰው ሲመጣ ምን ላይ ይቀመጣል?»

«ወንበር የእድሩ ነው። ሰው ግን የእድሩ አይደለም» አልኩት። «ሰው የራሱን ወንበር ይዞ ይምጣ።»

በማግስቱ ጠዋት የምቀመጥበት ባዶ የለስላሳ ሳጥን በክንዴ አንጠልጥዬ ከቤት ስወጣ ጎጎ የምንላት አሮጊት አከራያችን በር ላይ አገኘችኝና በቋንቋዋ ሰላም አለችኝ። «ማማ አቢ፣ ሳውቦና፣ ሱቁን ይዘሽ የት ልትሄጂ ነው?» ሰው እንደሞተብኝ ነገርኳት። ወደ ውስጥ ገባችና ከወጥ ቤቷ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አውጥታ፣ «ይቺንም ውሰጂ፣ ሽማግሌ አይጠፋም» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ወንበሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ሾፌሩ ለወንበሩም ልትከፍይ ነው ብሎ ጀመረ፤ ጥቁር መልበሴን ሲያይ ተወው።

ከቀብር ስንመለስ ጓሮው ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዮቪል ሰፈር አንዱ የቢሮ ወንበሩን በጎማዋ እየገፋ አስፋልቱን አቋርጦ መጥቷል። ወይዘሮ ዘነበች የወጥ ቤት ወንበራቸውን ትራስ አስረውበታል። የሕፃን ወንበር የያዘች፣ ባልዲ የገለበጠ፣ የመኪና ወንበር ነቅሎ ያመጣ ሁሉ አለ። ያ ወጣት ወንጌላዊ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የጸሎት ቤታችንን ረጅም አግዳሚ ተሸክሞ በበሩ አልገባ ብሎት ይታገላል፣ ቄሱ ከውስጥ ሆነው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይሉታል። ሶማሌው ጎረቤት «እኔ ያለኝ ምንጣፍ ነው» ብሎ አዲስ ምንጣፍ መሐል ላይ ዘረጋ። በርጩማቸው በሱቁ ደጃፍ ነበረች። ማንም አልነካትም።

ታደለ ግድግዳው ስር ቆሟል። ባዶ እጁን።

«ወንበርህስ?» አልኩት።

«ስሯሯጥ ረሳሁ» አለኝ። «ሌላውን ሁሉ አስታውሼ የራሴን ረሳሁ። ግድ የለም፣ እኔ ብቆም ይገባኛል።»

የጎጎን ወንበር በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና ሳብኩለት። «እዚህ ቤት ወንበር ለመጣ ሰው ነው» አልኩት። መደገፊያውን ያዘ፣ ግን አሁንም አልተቀመጠም፣ ቄሱ ለጸሎት ተነሱ እያሉ ነበርና።

አባታችን ሆይ አልን። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሁላችን። ከዚያ ዝም አልን፣ እሳቸው እንደጻፉልን። ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ የአንዲት ሴት ሳግ ይሰማል። ዝምታው ቀጠለ። እንደ ሌላው ቀን መሰለኝ፣ መጨረሻው እስኪመጣ ጠበቅኩ። ሁሉም ይጠብቃል። ጉልበታቸው የሚያማቸው እናቶች ወንበራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሚያበቃው ሰው የለም።

ታደለ ወደ እኔ ዞረ፣ ቄሱም ዞሩ። ደጃፉ ላይ ያለችውን በርጩማ አየሁ።

«አሜን» አልኩ። «ተቀመጡ።»

ሁሉም ይዞት በመጣው ላይ ተቀመጠ።